ያልገጠመው ማሰሪያ

የስፌት መኪናዬን ዘይት በቀባሁ ቁጥር መስኮት እከፍታለሁ። ሽታው ያቺን የአደን ዕቃ መሸጫ ያመጣብኛል፤ ነጭ መብራቷን፣ የሚንቋቋ የእንጨት ወለሏን፣ ባንኮኒው መስታወት ላይ የሚቀመጠውን ብረት ድምፅ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ እነሱ እዚያ አልነበሩም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ታላቅ ወንድሜና እኔ በተሰደድንበት ከተማ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ምድር ቤት ተከራይተን፣ የስደተኝነት ጉዳያችን እስኪታይ እንጠብቅ ነበር። ወንድሜ አገር ቤት ከገበያ ታፍሶ ወታደር የሆነ፣ ኋላም ከጦሩ የጠፋ ሰው ነው። እዚያ ያለው አበሻ ግን «ወታደር ነበርኩ ያለ ወደ አገሩ ይመለሳል» ይል ስለነበር፣ ለስደተኛ ጉዳይ ጠያቂዎቹ ጠመንጃ ነክቶ እንደማያውቅ ተናገረ። መካሪው ብዙ፣ የሚያውቀው ግን አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱት የመጡ ይመስለኝ ነበር።

አከራያችን አጋዘን ያድኑ ነበር። (ልጆቼ «ፈረንጅን አንቱ?» ይሉኛል። አዎ፣ አንቱ።) በዚያ መከር ዓይናቸው ደከመ፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስለዚህ ለአሮጌው ጠመንጃቸው አጉልቶ የሚያሳይ መነፅር፣ መነፅሩን የሚይዝ ማሰሪያና አፈሙዙን የሚደግፍ ባለ ሁለት እግር ማቆሚያ ሊገዙ ፈለጉ። ጠመንጃውን ይዘው ወደዚያች መሸጫ ሲሄዱ ዕቃ ልናግዛቸው አብረን ሄድን።

ሻጩ ችኩል ጎረምሳ ነው። ማሰሪያውን ጠመንጃው ጀርባ ላይ አስቀምጦ «ለሁሉም ይሆናል» እያለ ብሎኑን አጠበቀ። ወንድሜን አየሁት። ዓይኑ ከማሰሪያው አልነቀል ብሏል። ያንን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ሰው ሲሳሳት እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም፣ በልጅነታችንም ስንቴ ተገርፎበታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ተው» አልኩት በሹክሹክታ። «ጉዳያችን የሚሰማበት ሂሪንግ ደርሷል። ምን አገባህ?»

«ሲተኩሱ መነፅሩ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ዓይናቸውን ያጠፋዋል» አለኝ።

ሽማግሌው «ይሁን፣ እወስደዋለሁ» ሲሉ ወንድሜ እጁን ዘረጋ። በአውራ ጣቱ የማሰሪያውን ጫፍ ሲጫነው ሌላው ጫፍ ብድግ አለ። የሌላ ጠመንጃ ማሰሪያ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ሌላ መፍቻ አንስቶ ብሎኖቹን ፈታ፣ ከመደርደሪያው የሚገጥመውን መረጠ። መነፅሩን የሚያቅፉት ቀለበቶቹም ከፍ ያሉ ነበሩ፤ መነፅሩ ጉም ቢለብስ በሥሩ አሳልፎ በጠመንጃው በራሱ የብረት ማነጣጠሪያ ለማየት ይመቻል። ማቆሚያውንም ማንገቻው በሚታሰርበት በኩል ገጥሞ እግሮቹን ዘረጋ። እጁ አንዴም አልተሳሳተም። እኔ በቁሜ የምሞት መሰለኝ።

ሻጩ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። «ይሄን የት ተማርከው?» አለው።

ወንድሜ ያኔ ነቃ። እጁን ከጠመንጃው ላይ አነሳ። በሩ የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ ሽማግሌው።

የተሳሳተውን ማሰሪያ ሊወስዱ እንደነበር ሻጩ በዓይኑ አይቷል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳይሰብሩ ትክ ብለው አዩት። ሻጩም መፍቻውን አስቀምጦ ሂሳቡን መደመር ጀመረ።

ጉዳያችን ከወራት በኋላ በሰላም አለቀ፤ ያን ቀን ግን ይህን ማን ያውቃል። በከተማው ባቡር፣ በስትሪትካሩ ላይ፣ ማቆሚያውን የያዘው ወንድሜ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊደብቀው ቢሞክርም ብረቱ እየተንቀጫቀጨ አጋለጠው። ሽማግሌው ማቆሚያውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ ወደ መስኮቱም ዞሩ። ፌርማታችን ደርሶ ልነሳ ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። የሚቀጥለውም አለፈ። ወንድሜ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር፤ ከአገር ከወጣን ወዲህ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እኚህን ሰው ያን ሰዓት እንደ አባቴ ወደድኳቸው።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረድን። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ሽማግሌው ከነሸራ ከረጢቱ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ወንድሜን ሳያዩት፣ «ዛሬ በእግር መሄድ አሰኝቶኛል» አሉና እያነከሱ ወደ ቤት አቅጣጫ ከፊታችን ቀደሙ።