ለመርከብ ልምምድ በሾዋክ መንገድ

ሾፌር ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። አንዱ ፍተሻ ይፈራል፣ አንዱ የጎማ መፈንዳት ይፈራል። እኔ የምፈራው የሚያስታውክ ተሳፋሪ ነው። እዚህ ሱዳን ከገዳሪፍ ሾዋክ የምትመላለስ ሃፍላ፣ ማለት ሚኒባስ፣ አለችኝ። ወንበሮቿን በየማለዳው በሳሙና አጥባለሁ፤ እግሩን ጭቃ ይዞ የሚገባውን እቆጣለሁ። ባልደረቦቼ «ታምሬ ያገባው መኪናውን ነው» ይሉኛል። ይበሉ። እንዲህ ያለሁ ሰው ግን ባለፈው ክረምት፣ እንደሚያስታውካቸው እያወቅሁ፣ እትዬ ያለምወርቅን ደጋግሜ ጫንኳቸው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እትዬ ያለምወርቅ ገዳሪፍ መኪና ተራው በር ላይ ዝላቢያ ይጠብሳሉ። በጠዋት የሚሳፈር ሰው ያንን ዘይት ውስጥ የተነፋ ትኩስ ሊጥ በሻይ እያጣጣመ ይበላና ይሄዳል። የተወለዱት ቋራ ነው። ሱዳን የገቡት አንድ ልጃቸውን ለተሥላሴን አዝለው ነው፤ በእግራቸው ነው የገቡት። መኪና አይስማማቸውም። የናፍጣው ሽታ ገና ከሩቅ ሲመጣ ፊታቸው አመድ ይመስላል። ዕድሜያቸውን መንገደኛ ሲያበሉና ሲሸኙ ኖረው እሳቸው ከገዳሪፍ ወጥተው አያውቁም። ሰው በዚህ ይስቅባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ካቻምና ሳቁ ቀረ። ለተሥላሴ ጅዳ አግብታ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እናቷን «ነይልኝ» አለቻቸው፤ አማቻቸውም ቪዛውን ላከ። መንገዱ በአውቶቡስ እስከ ሱዋኪን ወደብ ነው፤ ከዚያ መርከብ ቀይ ባሕርን ያሻግራል። እትዬ ያለምወርቅ ሻንጣቸውን ይዘው በትልቁ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሾዋክ ሲደርሱ «አውርዱኝ» አሉ። እኔ ያገኘኋቸው እዚያ ነው፤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው።

«ታምሬ፣ የሾዋክን መንገድ ያልቻለ ሰው ባሕሩን እንዴት ይችላል?» አሉኝ።

ወደ ቤታቸው መለስኳቸው፤ ለልጃቸውም «ሾዋክ ላይ ወረድኩ» ብለው ደወሉ። ለተሥላሴ ብቻዋን ወለደች፣ የአራስነት ጊዜዋንም ብቻዋን ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናብ ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። እናት እንዲህ ያለውን ነገር ሳታውቀው አትቀርም።

አምና ሁለተኛውን አረገዘች፤ የምትወልደው በጥቅምት ነበር። እትዬ ያለምወርቅ «እመጣለሁ» ሲሏት የመለሰችውን አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ያደገችው እዚህ ስለሆነ እናቷን እንደ ሱዳን ልጆች «ዩማ» ነው የምትላቸው።

«ዩማ፣ አትልፊ። ዳግመኛ በር በር እያየሁ መቀመጥ አልችልም» አለች።

ቁጣ አልነበረበትም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። እትዬ ያለምወርቅ ስልኩን ዘግተው ሊጣቸውን ማቡካት ቀጠሉ። በማግስቱ ዝላቢያቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ወደ መኪናዬ መጡ።

«ሾዋክ ወስደህ መልሰኝ» አሉ።

«ምን ሊሠሩ?»

«ምንም አልሠራ። ሊያስታውከኝ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ኖሯል። የሚበጃቸውን መድኃኒት አስቀድመው በሾዋክ መንገድ ፈትነው ሊያገኙ ነው ያሰቡት። «ባሕር መሐል ሆኜ የማይረባ መሆኑን ከማውቅ እዚሁ ልወቀው» አሉ። የገዛ ፌስታላቸውን፣ መወልወያ ጨርቃቸውንና ውሃቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ጨርቁን ሳይ ልቤ ራራ፤ ጫንኳቸው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። እንደምታውቁት ያስታወከው ሰው ወሬ ሲሰማ አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። ጎረቤት ሎሚ አሽትቺ አላቸው። አንዷ ጤና አዳም አፍንጫሽ ሥር ያዢ አለች፤ ሌላዋ ሆድሽን በመቀነት ጥብቅ አድርገሽ እሠሪ አለች። ሱዳናውያኑ ሻይ ሻጮች ደግሞ ገንጎሌዝ የሚሉትን ኮምጣጣ ፍሬ በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ አሏቸው። ሁሉንም ሰሙ፤ ግን በአንድ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዙት። ለምን ሁሉንም ባንዴ አይወስዱም አልኳቸው፤ እኔ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነበር።

«ሎሚውንም ጤና አዳሙንም አብሬ ከያዝኩ፣ ያዳነኝ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሎሚው ከከተማው እስክንወጣ እንኳ አላቆያቸውም። ጤና አዳሙ ትንሽ ይሻል ነበር። መቀነቱ የባሰ ነገር አመጣ፤ እኔ መኪናውን አቁሜ «ይፍቱት» እላለሁ፣ እሳቸው «ተወው፣ ልየው» ይላሉ። ገንጎሌዙንና አንዷ ያመጣችላቸውን ዝንጅብል በየተራ የሞከሩት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በጾሙ አፋቸው አይከፈትም፤ እነሱም አልረዷቸውም። ፊሊጶስ የሚባለው የአገራችን ልጅ ፋርማሲ አለው፤ ክኒን ሰጣቸውና «ምግብ ቀምሰው፣ ከመሳፈርዎ አንድ ሰዓት ቀድመው ይዋጡት» አላቸው። እሳቸው መኪናው ከተነሣ በኋላ በባዶ ሆድ ዋጡት።

«ፊሊጶስ ልጅ ነው፣ ፍልሰታ መሆኑን ረስቶታል» አሉ።

ጾሙ ብቻም አይደለም። በእኛ ዘንድ መኪና የማይስማማው ሰው ለመንገድ ሲነሣ አይበላም፤ የሚወጣ ነገር ከሌለ አይወጣም ይባላል። እኔ ራሴ ለስንቱ ተሳፋሪ ይህንኑ መክሬአለሁ። ደግሞ ሴት ከሾፌር ጎን አትቀመጥም ብለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይሄዳሉ፣ ነጠላቸውን ይከናነባሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚወጣ ምግብ ሲጠፋ ሐሞት ይወጣል። ከመስተዋቱ እያየኋቸው እኔም አብሬ ልታመም ደረስኩ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ ያለም፣ ይበቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እርስዎን አይቶ ነው» አልኳቸው።

አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ የተቀመጡበትን ወንበር ወልውለው ሲጨርሱ ቀና አሉ። «እሺ፣ ሞኝ በለኝ። ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?»

ከዚህ በኋላ ተናገርኳቸው ብል ምን ይጠቅማል።

ጾሙ በተፈታ ሰሞን ሾዋክ አንዲት የአገር ልጅ ክርስትና አስነሣች። እትዬ ያለምወርቅ ተጠሩ። ሲሄዱ መንገድ ላይ ስላስታወካቸው «ማታ ቤቴ እበላለሁ» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? ድፎ ዳቦውን በግድ አበሏቸው። ወደ ማታ ልንመለስ ስንል ከካርቱም የተፈናቀለ አንድ ቤተሰብ ከነፍራሹ የኋላውን ወንበር ሞላው። የቀረው ከጎኔ ያለው ጋቢና ብቻ ነው። እያፈሩ ገቡ። መስኮቱን ከፈትኩላቸው፤ ነፋሱ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወሰደው። ሆዳቸው ምግብ ይዟል፣ ፊታቸው ተገልጧል፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ገዳሪፍ እስክንገባ ድረስ ስለ ክርስትናው ሲያወሩኝ መጡ።

ሞተሩን ሳጠፋ ፌስታላቸውን አዩት፤ ባዶ ነው። ደስታዬን ልገልጽ አፌን ስከፍት እሳቸው ተበሳጭተዋል።

«የቱ ነው?» አሉ። «ዳቦው ነው ወይስ ወንበሩ? ሁለቱ አብረው መጡብኝ።»

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ገባኝ። ለልጅቷ የሚሰጡት ተስፋ እንዲሁ በአጋጣሚ የተገኘ እንዲሆን አልፈለጉም። በማግስቱ ጋቢና ተቀምጠው ሳይበሉ ሄዱ፤ ራሳቸውን አዞራቸው። ቀጥለው በልተው ከኋላ ተቀመጡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አስታወካቸው። ቀጥለው በልተው ጋቢና ተቀመጡ፤ ደኅና ሆኑ። በመጨረሻ የፊሊጶስን ክኒን፣ እሱ እንዳለው ቀድመው፣ ምግብ ቀምሰው ዋጡት። አንቀላፍተው ሾዋክ ደረሱ። ሄደው ፊሊጶስን ይቅርታ ጠየቁት፤ ስንት ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ። «መርከብ ላይ ጋቢና አለ?»

እኔ መርከብ የት አውቄ። ፊሊጶስ ግን ያንን ባሕር ተሻግሮት ያውቃል። «ውስጥ ተዘግተው አይቀመጡ፤ ወደ መሐሉ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁኑ። ማዕበሉን አይዩ፤ ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን ሩቁን ይዩ» አላቸው። እሺ ብለው የተዉት መስሎኝ ነበር። ለካ ይህንንም ሊፈትኑት ነው። የሰሊጥ አራሚዎችን ወደ እርሻ የሚወስደውን ትራክተር ታውቁት ይሆናል፤ ክረምት መረሬው መሬት ሲቦካ ተጎታቹ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ጎልማሳ ወንድ እንኳ ጎኑን ይዞ ነው የሚወርደው። እዚያ ላይ ወጡ። እኔ ከአስፋልቱ ዳር መኪናዬን አቁሜ አየኋቸው፤ በሥራ ልብስ በተጠቀለሉት ጎረምሶች መካከል ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ከዳቦ ቆሏቸው እየቆረጠሙ፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ተክለዋል። ጎረምሶቹ ሲስቁባቸው ዞር ብለው አላዩአቸውም። በሕይወቴ ብዙ ጀግና ሲወራልኝ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

መርከቡ የሚነሣው ረቡዕ ሆነ፤ የጾም ቀን። የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ፤ «ለመድኃኒት ነው፣ ቅመሺ» አሏቸው። ዳቦ ቆሎ ሠሩ፣ ክኒኑን ያዙ። ለለተሥላሴ ግን እንዳይነገር አሉ፤ የሚያውቀው አማቻቸው ብቻ ነው፣ እሱም ለሥራ ከከተማ ውጭ ነበር።

«ከደረስኩ ታየኛለች። ካልደረስኩ ግን ሁለተኛ በር አላሳያትም» አሉኝ።

አውቶቡሱ ሲነሣ ከኋላው ተከትዬ እስከ ሾዋክ ነዳሁ። ሥራዬ ነው ብዬ ነው እንጂ ያን ዕለት ተሳፋሪ አልጫንኩም ነበር። አውቶቡሱ ሾዋክ ላይ ቆመ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። ከፊት ባለው መስኮት ነጠላቸው ይታየኛል። በሩ ተዘጋና ወደ ከሰላ ቀጠለ። መሪዬን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም። ዝላቢያ በሚጠብሱበት ቦታ ሳልፍ ሰው ሲጠይቀኝ «ኢንሻላህ ደኅና ናቸው» እላለሁ። በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሾዋክ ወረፋ እየጠበቅሁ፣ በጅዳ ቁጥር ተደወለልኝ። እሳቸው ናቸው።

«ሠራ?» አልኳቸው፤ ሰላምታውን እንኳ ዘለልኩት።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ሠራልኝ» አሉ። ሰሚያ የምትባል የካርቱም ሴት ከልጆቿ ጋር አጠገባቸው ነበረች፤ ልጆቹ ሲያስታውኩ ዳቦ ቆሎውን አካፍለዋቸው፣ ሩቁን እንዲያዩ አስተምረዋቸዋል። ሲጨልም ግን ሩቁ ጠፋ፤ ማዕበሉም በረታ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስታወከኝ። አፌን ተጉመጥምጬ፣ ቆሎዬን ቆርጥሜ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንደገና አስታወከኝ፣ እንደገና ቆረጠምኩ። ታምሬ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አልዋሽህም፤ ግን እንደ ባሕሩ አይበረታም።» የሰሚያ ባል ወደብ ላይ ጠብቆ እሳቸውንም እስከ ልጃቸው ደጅ በመኪናው አደረሳቸው። ስለዚያኛው መኪና ወንበር አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ስልኩን ለለተሥላሴ ሰጧት። ማልቀስ ጀመረች። እኔም በሾዋክ መኪና ተራ መሐል፣ ባልደረቦቼ እያዩኝ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

«ጋሼ ታምሬ» አለች በመጨረሻ፣ «በሩ ሲንኳኳ ጎረቤቴ መስላኝ በዐረብኛ ማነው አልኩ። እንደገና ተንኳኳ። ደግሜ ማነው አልኩ። ከበሩ ማዶ፣ ‹ልጄ፣ አልወረድኩም› አለችኝ።»