ውሃ ያላየ ጨርቅ

በሲቀላ ሰፈር «ሉብና ጀምራ የጨረሰችው ነገር ቢኖር ስሟን መጻፍ ብቻ ነው» ይባል ነበር። ሐሜት ቢሆንም ሐሰት አልነበረም። ነርሲንግ ገብታ በሁለተኛው ዓመት ወጣች። የልብስ ስፌት ሰባት ወር፣ ፀጉር ቤት አንድ ክረምት ሞከረች። ጨርቃጨርቅ ሱቅ ያላቸው አባቷ ጋሽ አብዱልመጂድ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ እሷ ቆማ እየሰማች፣ «ይቺ ልጅ የምትቀመጥበት ወንበር ገና አልተሠራም» ይሉ ነበር።

ወንበሩ የተገኘው አባትየው ወገባቸውን የተያዙ ቀን ነው። የጨርቅ ጣቃ ከመኪና ሲያወርዱ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወጌሻ ተጠሩ። እትዬ ወሰንየለሽ ይባላሉ፤ ከስልሳ ያለፉ፣ አስተማሪ ባላቸውን ተከትለው ከሸዋ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ሴት ናቸው። ወገቡን ከመንካታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። ስንት ሰዓት ይተኛሉ? በየትኛው ትከሻ ይሸከማሉ? በቅርብ የሞተብዎ ሰው አለ? ጋሽ አብዱልመጂድ የታመመው ወገቤ፣ ሟቹን ምን አመጣው ብለው አጉረመረሙ። ሴትየዋ ከተረከዝ ጀመሩ። በባት በኩል ወጥተው፣ ዳሌን ዞረው፣ ወገብ ላይ የደረሱት መጨረሻ ላይ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አባቷ ቀና ብለው ቆሙ። ሉብና ግን አባቷን አላየችም፤ ዓይኗ ሴትየዋ እጅ ላይ ነበር። በማግስቱ ሴቻ ወጣች።

ትምህርቱ ዘገምተኛ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ቅቤ ማሞቅ፣ ምንጣፍ ማራገፍና ማየት ብቻ ነበር ሥራዋ። ከላንቴ ሙዝ የሚጭኑ ጎልማሶች አንገታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እትዬ ወሰንየለሽ ጫማ አስወልቀው እግራቸውን ያያሉ። አንገቱን ያመመው ሰው አንገቱን ብቻ ይዞ አይመጣም፣ ይሏታል። በሁለተኛው ዓመት ከሉብና ቤት የአረፋ በግ አጥንት አስመጡና ቀቅለው፣ በድንጋይ ሰባብረው ጆንያ ውስጥ ከተቱት። እጇን አስገብታ፣ ሳታይ፣ ስብራቱን ከስብራቱ ታገጣጥማለች። ተሳስታ ስታወጣ ሴትየዋ አያዝኑላትም።

«ይሄኛውም የኋላ እግር ነው? የእናንተ ቤት በግ በአራት የኋላ እግር ነው እንዴ የሚሄደው?»

ሦስተኛው ዓመት ላይ ለብቻዋ ታሽ ጀመር። ስብራት ግን ከእትዬ ወሰንየለሽ ዓይን ውጭ አይነካም። አሠራሩን ጠንቅቃ ይዛዋለች። አጥንቱ ቦታው ይመለሳል፤ ዙሪያውን ባዘቶ ይደረጋል፤ አራት የቀርከሃ ስንጥቅ ይሰለፋል፤ በሞቀ የጨው ውሃ በተነከረ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ይጠመጠማል። ከዚያ ታማሚው አይሄድም። ግቢው ውስጥ ይቀመጣል፤ የማንጎው ጥላ ዞሮ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ሦስት ጊዜ ጥፍሩን ይጫኑታል። ተጭነው ሲለቁት ነጩ ቶሎ ወደ ቀይ ከተመለሰ ደሙ ይሄዳል ማለት ነው። ሉብናን ከሙያው ሁሉ የሚያቅጠለጥላት ይሄ ነበር፤ ያለቀን ሥራ ተቀምጦ መጠበቅ።

እትዬ ወሰንየለሽ ይህን ያውቃሉ። እጅሽ ያውቃል፣ አንቺ ግን እጅሽን አትጠብቂውም ይሏታል። ያም ሆኖ ከፋሲካ በኋላ ስብራት ለብቻዋ እንድትይዝ ሊለቁላት ተስማምተው ነበር። ለሉብና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አባቷ የመጨረሻ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ዘንድሮ ሙያዋን ካልያዘች ወደ ሱቁ ትመለሳለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ይሄም ካመለጣት ሌላ የምትጀምረው ነገር አልታያትም።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ወሰንየለሽ ለልቅሶ ጨንቻ ወጡ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው አስጠነቀቋት፤ ማሸት እሺ፣ ማሰር የለም፤ ስብራት ከመጣ ወደ ሆስፒታል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዳምጤ የሚባል፣ ከዳገቱ መንደር ከኦቾሎ የወረደ ሸማኔ መጣ። ሸማውን ሊሸጥ ለገበያው ሲወርድ በዝናብ የረጠበ ድንጋይ አንሸራትቶት ግራ ክንዱን ከአንጓው በላይ ሰብሮታል። ሉብና ሆስፒታል ሂድ አለችው። ሰውየው አይሆንም አለ፤ አባቱም አጎቱም በወጌሻ ነው የዳኑት፤ ደግሞ ወደ ሰፈሩ የምትመለሰዋ አይሱዙ ስድስት ሰዓት ላይ ትነሳለች። ክንዱን በጣቷ ዳሰሰችው። ንጹሕ ስብራት ነው፤ ቆዳ አልቀደደም፤ ጫፍና ጫፉ ጣቷ ሥር ቁልጭ ብሎ ተሰማት። በጆንያው ውስጥ መቶ ጊዜ ያገጣጠመችው ዓይነት ነው። ልቧ ቸኮለ። ሳበችው፤ ገባ። ዳምጤ አንዴ ብቻ ጥርሱን አፋጨ።

ባዘቶውንና ቀርከሃውን ደርድራ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጆቹን ስታመጣ ሰውየው አያቸውና ፊቱን አዞረ።

«ሸማኔ በሰው ቡትቶ ይታሰራል? እመንገድ ላይ ያየኝ ምን ይላል?»

ከከረጢቱ ያልተሸጠ አዲስ ኩታ አወጣ፤ ገና ከሸማው እንጨት የወረደ፣ ነጭ፣ ድርና ማጉ የሚቆጠር። ጠርዙን በጥርሱ ይዞ ቀደደላት። ሉብናም ደስ አላት፤ የመጀመሪያ ሥራዋ በንጹሕ ጨርቅ ሊታሰር ነው። በሞቀው የጨው ውሃ ነክራ አጥብቃ ጠመጠመችው። ጥፍሩን አንድ ጊዜ ተጫነች፤ ቀለሙ ተመለሰ። አይሱዙዋ ጡሩንባ ነፋች። ዳምጤ ሄደ። እሷም በደስታ እስከ ማታ ድረስ እግሯ መሬት አልነካም።

እሁድ ጠዋት ሱቅ ውስጥ አባቷን እያገዘች ሳለ ወይዘሮ ጸዳለ የምትባል የሰፈራቸው ሴት ተቆጥታ ገባች። በወሰደችው አቡጀዲ መጋረጃ አሰፍታ፣ ሰቅላ፣ አንዴ ብታጥበው መጋረጃው ከመስኮቱ በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ጎረቤት ቤቷን እያየ ነው። ጋሽ አብዱልመጂድ አልተቆጡም፤ ይሄን ክርክር ለሠላሳ ዓመት ያውቁታል።

«እናቴ፣ ጨርቅ ሳይነከር ይሰፋል እንዴ? አንዴ ውሃ ሳያይ ልኩ አይታወቅም። መጀመሪያ ሲነከር ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁመቱ ቁመት የሚሆነው።»

ሉብና ሜትሩን እጇ ላይ እንደያዘች ደረቀች። የአሮጌው ነጠላ ምስጢር አሁን ገባት። እትዬ ወሰንየለሽ አሮጌ የሚመርጡት ለቁጠባ መስሏት ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም። አሮጌው ታጥቦ ታጥቦ መሰብሰቡን ጨርሷል። የዳምጤ ኩታ ግን የመጀመሪያውን ውሃ ያየው ክንዱ ላይ ሊጠመጠም ሲል ነው። ሲደርቅ የሚሰበሰበው ሥጋው ላይ ነው።

ዳምጤ ሲሄድ በሰጣት ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። እትዬ ወሰንየለሽ ጋ ደወለች፤ ጨንቻ ኔትወርክ የለም። ደግማ ደወለች። ከሱቁ ወጥታ ገባች። ምናልባት አልጠበቀ ይሆናል፣ አለች ለራሷ፤ ምናልባት ራሱ ፈቶት ይሆናል። ማን የወጌሻ እስር ይፈታል? መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አባቷ ወዴት ነው ሲሏት «ጨርቅ ልቆርጥ» ብላ ወጣች።

ወደ ኦቾሎ ለመውጣት ላንቴ ድረስ የሄደችበት ሚኒባስ ለሙዝና ለሰው እየቆመ ነፍሷን አወጣት። በየፌርማታው ጣቷን በጣቷ ትጫናለች፤ የራሷ ጥፍር ነጭ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል። ከላንቴ ሞተር ተከራየች። ሞተረኛው ዳገቱን ሲወጣ ጨዋታ ይወዳል፤ ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ ብሎ ጠየቃት። ሁለቱም አይደለም፣ ንዳ አለችው። ድንጋዩ ሲበዛ አወረዳትና ቀሪውን በእግሯ ወጣች። ታች የአባያ ሐይቅ እንደ ጭቃ ውሃ ቀልቶ ተዘርግቷል፤ ቀና ብላ አላየችውም።

ዳምጤ ቤቱ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጧል። ሌሊቱ ስለበረደው እርጥቡን ክንድ ከእሳቱ አጠገብ አድርጎ ነው ያደረው። ጨርቁ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሆኗል። ከጨርቁ የወጡት ጣቶች አብጠዋል፤ ቀለማቸው የአመድ ነው። ሚስቱ ቋንቋ ሳያስፈልጋት በእጇ ጣቶቹን ለሉብና አሳየቻትና ዞር ብላ አለቀሰች።

ሉብና ቋጠሮውን ልትፈታ አልሞከረችም። መቀሱን ከባዘቶው በላይ አስገብታ ከክርን እስከ አንጓ ቀደደችው። ሰውየው ያኔ ጮኸ። ጥፍሮቹን ተራ በተራ ተጫነች። አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ቀላ፤ ሌባ ጣትና መሃሉ ተከተሉ። የቀለበቱና ትንሿ ግን ነጭ ሆነው ቀሩ። ቆነጠጠቻቸው፤ ዳምጤ አልተሰማውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዶሮ ሲጮህ መደንዘዝ ጀመረ።»

«ታዲያ ለምን አትቆርጠውም? የራስህ ጨርቅ አይደለም?»

«ጨርቄ እንደሚሰበሰብ የማላውቅ መሰለሽ? እኔ እኮ ሸማኔ ነኝ። ማጥበቁ የአንቺ ሙያ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

እሷ የጨርቁን ጠባይ አታውቅም፤ እሱ የእስሩን አያውቅም፤ ክንዱ በሁለቱ መሃል ሊቀር ነው። ልትወስን የሚገባት አሁን ነበር። ባዘቶውን አላልታ በስሱ ብታስረውና ሰኞ እትዬ ወሰንየለሽ እስኪመጡ ብትጠብቅ ማንም አይሰማም። ሆስፒታል ከሄደች ደግሞ ማን አሰረው ይባላል፤ ወሬው ሴቻ ይደርሳል፣ ሲቀላ ይደርሳል፣ ሦስት ዓመቷ በአንድ ከሰዓት ይበላል። ሁለቱን ነጭ ጥፍሮች እንደገና ተጫነች። «ተነስ» አለችው። ቀርከሃውን ከሥር ብቻ ደግፋ ክንዱን በራሷ ሻርፕ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ካርድ የምታወጣው ነርስ ክንዱን አየችና ማን ነው ያሰረው ብላ ጠየቀች። ዳምጤ ቀደመ።

«ራሴ ነኝ።»

«በአንድ እጅህ?»

«በጥርሴም ጭምር።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ሉብና ግን ወደ ፊት ጠጋ ብላ «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለች። ሳቁ ተቋረጠ። ድምጿ ከገመተችው በላይ ጮክ ብሎ ነበር የወጣው።

ሐኪሙ ዶክተር ሽመክት፣ ሲናገር ዓይኑን ከታማሚው የማይነቅል ሰው ነው። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ሰዓት ጠየቃት። ስንት ሰዓት ታሰረ? በምን ተነከረ? መቼ ደረቀ? መቼ ደነዘዘ? መቼ ተፈታ? አንድ በአንድ መለሰች። ሁሉንም ጻፈው። ከዚያ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ አጥፎ፣ ክንዱን ጫን ጫን አድርጎ አየና ለማደንዘዣ የተጠራውን ሰው ለጊዜው ቆይ አለው።

«ሰዓቱን ባላውቅ ኖሮ አሁኑኑ በቀዶ ጥገና እከፍተው ነበር» አላት። «ወይም እብጠቱ ከስብራቱ ነው ብዬ አሳልፈው ነበር፤ ያ ደግሞ ይብሳል። አጥንቱን በደንብ መልሰሽዋል። ክንዱን ልታሳጪው የነበረው ከዚያ በኋላ ነው።»

እስከ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ ታየ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሁለቱ ጣቶች ጥፍር ቀላ፤ ስሜታቸው ግን አልተመለሰም። ይመለስ አይመለስ ወደፊት ይታያል አለ ዶክተሩ። ዳምጤ ሲሸምን ማጉን የሚያመላልሰውን መወርወሪያ የሚቀበለው በዚያ እጅ ነው።

እትዬ ወሰንየለሽ ሰኞ ከጨንቻ ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ሉብና ግን ራሷ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ጨርቁ አሮጌ የሚሆንበትን ምክንያት ቀድመው ባለመንገራቸው የደነገጡ መሰሉ፤ ነጠላቸውን ደጋግመው አጣፉ። በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ጥፍሩን ስንት ጊዜ ተጫንሽ?»

«አንዴ።»

«ዘንድሮ አጥንት አትነኪም። የሚቀጥለውንም ዓመት እናያለን። የዳምጤን እጅ ግን ጀሶው ሲወልቅ አንቺ ነሽ የምታሺው። እኔ አላግዝሽም።»

ጋሽ አብዱልመጂድ ይሄንን ሲሰሙ ሱቁ ይጠብቅሻል አሏት። ይጠብቅ አለች። እሳቸውም ለእሷ ባሰቡት የሱቁ ወንበር ላይ ጣቃ ደረደሩበት።

ጀሶው በስድስተኛው ሳምንት ወለቀ። ከዚያ ወዲህ በየረቡዑ ኦቾሎ ትወጣለች። የሸማው እንጨት ሥራ ፈቶ ከቆመበት አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ቅቤዋን ታሞቃለች፤ ከትከሻው ጀምራ ትወርዳለች። ዳምጤ አሁን የሚቸኩለው እሱ ነው፤ ወንድሙ ድሩን እያበላሸበት ነው፣ በቃ ልቀቂኝ ይላታል። ተቀመጥ ትለዋለች።

በአምስተኛው ረቡዕ የቀለበት ጣቱን ጫፍ ስትጫን እጁን ነጠቅ አደረገ።

«ጥፍርሽን ቁረጪ፤ ወጋኝ።»

ሉብና ትንሿን ጣት ያዘች። ተጫነች፤ ለቀቀች። ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀች። ደግማ ተጫነች።

«ይቺስ?»

ዳምጤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። «ገና ናት።»

ቅቤውን ጨመረችና እንደገና ከትከሻው ጀመረች።