ሁለት ጀልባ በአንድ ገመድ

የሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች «አይሰምጤ» የሚል ስም ያወጡላት ለሙገሳ አልነበረም። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ወር ጀልባውን ራሷ ይዛ ወጣች። ገና ከዳሩ ሳትርቅ ተገለበጠችና መቅዘፊያዋን እንደጨበጠች ብቅ አለች። ቆሞ ያየ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተዋት፣ ይቺ ቡሽ ናት፤ አትሰምጥም!» አለ ሻለቃ።

ሻለቃ የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ጀልባ የት እንደሚታሰር፣ መረብ የት እንደሚሰጣ፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ካላዘዘ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሴትና ጀልባ!» እያለ ሲነዘንዛት ኖረ። እሷም ብትሆን ለመልስ የምትሰንፍ አይደለችም። ሁለቱ ከተገናኙ ሌላው ሰው ሥራ ይፈታል።

አንድ ጠዋት አራት የኮሌጅ ተማሪዎች መጡ። የመመረቂያ ሥራቸው አስቂኝ አጭር ፊልም ነው፤ አንዲት ጥሩ ማጥመጃ ቦታ ስላጣላቸው ሁለት ባላንጣ ዓሣ አጥማጆች። ዳይሬክተሯ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ቀጭን ልጅ ናት። የአይሰምጤን ጀልባ እንድታውሳት ለመነቻት፤ ፈቀደችላት።

ሁለቱ ተዋናዮች ጢም ተስሎላቸው ጀልባ ላይ ወጡ። አንደኛው ባላንጣውን ሊሳደብ ብድግ ሲል ጀልባዋ ተንገዳገደችና ከነድርሰቱ ውኃ ውስጥ ገባ። ጢሙ ታጥቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወጣ። ሁለተኛው ደግሞ ማዕበል በሌለበት ሆዱ ተገለባበጠና ቁርሱን ለዓሣዎቹ ሰጠ። ዳግመኛ ጀልባ ላይ ላለመውጣት ሁለቱም ማሉ። ፊልሙን ለማስረከብ የቀረው ስድስት ቀን ነው። ዳይሬክተሯ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ እንባዋን ዋጠች።

አይሰምጤ አላስቻላትም። «ልጄ፣ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጦ ነው የሚሳደበው። ብድግ ብድግ የሚል ሥራ የፈታ ነው።»

«እንዴት አድርጎ እትዬ?»

በዚህ መሐል አይሰምጤ ሻለቃን በሞተር ጀልባው እያዘገመ ሲያልፍ አየችው። ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«አንተ ሰውዬ! ዓሣው ሲያይህ የሚሸሸው ፈርቶህ መሰለህ? አፍሮልህ ነው!»

«አንቺን ሲያይማ በሳቅ መዋኘት ያቅተዋል!»

«ይሳቅ! ሲስቅ ነው የምይዘው!»

ካሜራ ያዡ ማንም ሳያዘው ይቀርጽ ነበር። ዳይሬክተሯ በሁለት መዳፏ አፏን ይዛ ቆየችና፣ «እትዬ፣ እባክዎ ይድገሙት!» አለች።

«ያንኑ ስድብ መድገምማ ነውር ነው» አለች አይሰምጤ። «አዲስ እፈልጋለሁ እንጂ።»

ዳይሬክተሯ ያንኑ ዕለት ድርሰቱን ቀይራ አንደኛውን ባላንጣ ሴት አደረገችው። ሻለቃ ግን ሌላኛውን ባላንጣ ሁን ሲባል አሻፈረኝ አለ። «በዚህ ዕድሜዬ ከሴት ጋር ጨዋታ?» የተዋናይነቱ ቦታ ለሌላ ዓሣ አጥማጅ ሊሰጥ መሆኑን ሲሰማ ግን በማግስቱ ተላጭቶ፣ ክራባት አስሮ ዳሩ ላይ ተገኘ። ክራባቱን እንዲፈታ ለማግባባት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ሦስት ቀን ቀረጹ። የቀረው መጨረሻው ብቻ ነው። ድርሰቱ ላይ ሁለቱ ባላንጣዎች ይታረቁና ይተቃቀፋሉ።

«ይሄማ ውሸት ነው» አለች አይሰምጤ። «ይልቅ የሱ ሞተር ይጥፋበት። እኔ ጀልባውን ከኋላዬ አስሬ፣ እየቀዘፍኩ ላምጣው። እሱ እየተጎተተም ማዘዙን አይተው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የሻለቃ ፊት ግን ተለዋወጠ። «እኔ በሴት ልጎተት? ሞቼ እገኛለሁ!»

ጠጋ ብላ፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ «ተጎትተህ ታውቅ የለም እንዴ?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ነፋሱ ሐይቁን ባናወጠ ዕለት ሻለቃ ሞተሩ ጠፍቶበት መሐል ውኃ ላይ ቀርቶ ነበር። የደረሰችለት አይሰምጤ ናት። ጀልባውን ከጀልባዋ ጋር አሰረችና ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀዘፈች። መዳፏ ተልጦ እየደማ፣ ሰው እንዳያየው ብላ ከሸምበቆው ጀርባ አወጣችው። የተቸገረን ሰው መሳቂያ ማድረግ አትወድም፤ ለገዛ እህቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ሻለቃም አፉን እንደዘጋ ከረመ፤ ሲውል ሲያድር ጭራሽ ያልሆነ ነገር አስመሰለው።

አሁን ግን ሄዶ ጀልባው ውስጥ ቁጭ አለ። «ገመዱን አምጪው» አላት።

ፊልሙ የታየው በኮሌጁ አዳራሽ፣ ከሌሎች ተመራቂዎች ፊልሞች ጋር ለውድድር ቀርቦ ነው። አይሰምጤ የእህቷን ጫማ ተውሳ የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ጫማው ጠቧት ትቁነጠነጣለች። የመጀመሪያው ስድብ ሲሰማ ግን አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሻለቃ ከኋላዋ እየተጎተተ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩሽ!» ሲልማ ከወንበሩ የተንሸራተተም ነበር። ዳኞቹ አንደኛነቱን ለዚህ ፊልም ሰጡ። ዳይሬክተሯ መድረክ ላይ ብቻዬን አልወጣም ብላ አይሰምጤን እጇን ይዛ አወጣቻት። ጭብጨባው አልቆም አለ።

ይሄኔ ሻለቃ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሰው ሌላ ቀልድ ሊጨምር መስሎት ጸጥ አለ።

«መጨረሻ ላይ ያያችሁት ትወና አይደለም» አለ፤ የወትሮው የአዛዥ ድምፅ ጠፍቶበታል። «ይቺ ሴት በማዕበል ጎትታ ነፍሴን አትርፋለች። አራት ዓመት ሙሉ ገመናዬን ይዛልኝ ኖረች። እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ሰደብኳት። በሰው ፊት ሰደብኳት፣ በሰው ፊት ላመስግናት።»

ከሐይቁ ዳር መጥተው ከኋላ የተቀመጡት ዓሣ አጥማጆች አንድ በአንድ ብድግ አሉ። አይሰምጤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «ቁጭ በል አንተ ሰውዬ፤ በሽልማቴ ቀን ታስለቅሰኛለህ!»

በወሩ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሲመርጥ፣ ሻለቃን ጨምሮ ሁሉም እጁን ለእሷ አወጣ። የመጀመሪያውን ስብሰባ መርታ ሁለት ነገር አስወሰነች፦ ጀልባ ማሰሪያው ላይ መብራት እንዲተከል፣ ሞተር ያለው ሁሉ ትርፍ መቅዘፊያ እንዲይዝ። በሩብ ሰዓት አለቀ። የማኅበሩ ስብሰባ እንዲህ አጥሮ አያውቅም። «ነፋሱ ጥሩ ነው፤ እንነሣ» አለች፤ ወንዶቹም ወንበራቸውን እየገፉ ተከትለዋት ወጡ።