በስቶ የሚያልፈው ጥይት

የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ገዝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን አደን ልወጣ ነበር። እዚህ ሰው አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለው ጥይት ሻጭ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ የሚፈካውን ጥይት አቀረበልኝ። «እዚያው ይጥላታል» አለኝ። እኔ ግን በሕይወት እያለች ልደርስባት ነበር የፈለግኩት፤ ዊተን ከተማ የሚኖሩት የሚስቴ አባት «በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አልበላም» ብለውኛል። ስለዚህ በስቶ የሚያልፈውን፣ የኢላማ መለማመጃውን መረጥኩ። ሻጩ «ታሠቃያታለህ» ሲለኝ «ምን አገባህ!» ብዬ ጮኽኩበት።

በአደኑ ቀን የተኮስኩባት አጋዘን ሆዷን ተመትታ ሮጠች። ደሟን ተከትዬ ግማሽ ቀን ተንከራተትኩ። ሳገኛት ተኝታ እያቃሰተች አየችኝ። ቢላዋዬን መዘዝኩ፤ «በስመ አብ» ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ፊት አምላክን መጥራት አፈርኩ። ስሙን ሳልጠራ አረድኳት።