አባዬ ሳይመርቀኝ

ከሰበታ በወጣሁበት ዋዜማ ያልመረቀኝ ሰው ቢኖር አባቴ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ መርቆኛል፤ የእድሩ ሰው መርቆኛል፤ ወተት ሊገዛ ጀሪካኑን ይዞ የመጣ የማላውቀው ሰውዬ እንኳ የሰዉን ብዛት አይቶ «ምንድነው ነገሩ?» ብሎ ጠየቀና ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ መርቆኛል። አባዬ ግን በረት ውስጥ ነበር። ላሟ አልታለበችም አለ። ላሟ ታልባ ካበቃች ቆይታለች፤ ይህን እኔም እሱም ላሟም እናውቃለን።

እንዲህ ስላችሁ አባቴ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከመጀመሪያው ላውራችሁ። አያንቱ እባላለሁ። እዚያው ሰበታ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ ማስታወቂያ አሳየችኝ። ማላዊ፣ ሐይቅ ዳር ላለ የሴቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ይፈለጋል፤ ለሁለት ዓመት፣ በበጎ ፈቃድ። ማደሪያና ቀለብ አለ፣ ደመወዝ የለም። ለምን እንዳመለከትኩ እስከ ዛሬ ሰው ይጠይቀኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? ከሰበታ አየር ጤና በታክሲ ከመመላለስ በቀር ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። ደግሞ ራሴን የምወደው ሰሌዳ ፊት ስቆም ነው፤ ሌላ ሰሌዳ ፊትም ቆሜ ራሴን ላየው ፈለግኩ።

ችግሩ የመጣው ይህንን እውነት ለሰው መናገር ስጀምር ነው።

መጀመሪያ የነገርኩት ለእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ከጎጃም የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ከእሳቸው በፊት የሚሰማ ወሬ የለም።

«ደመወዙስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደመወዝ የለውም እትዬ። በጎ ፈቃድ ነው።»

ቀኝ ግራቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጎበዝ! ለሰው እንደሱ በዪ። ለእኔ ግን ንገሪኝ፤ ማላዊ ከደቡብ አፍሪካ ብዙ ይርቃል?»

«እትዬ፣ መሀላቸው ሌላ አገር አለ።»

«አንድ ብቻ?» አሉና ፊታቸው በራ።

የእኛን አካባቢ የማያውቅ ካለ ይህ አይገባውም። ከሰፈራችን ስንቱ ወጣት በዚያ መስመር ወደ ደቡብ ወርዷል፤ እኛ ዘንድ ማላዊ ማለት መተላለፊያ እንጂ የሚኖርበት አገር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ደረጀም በዚያው አልፏል። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር። አሁን ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፤ በየበዓሉ ይደውልና «ዘንድሮ እመጣለሁ» ይላል፤ እማዬም በየዓመቱ አልጋውን ታነጥፋለች። ስለዚህ እኔ «ላስተምር ነው፣ በነፃ ነው» ባልኩ ቁጥር ሰዉ በምስጢር አጠባበቄ ይደነቃል። አንዳንዱ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል። ብምል ብገዘት ጭራሽ ምስጢረኛ ተባልኩ።

የምለውን ያመነኝ አንድ ሰው አባዬ ነው። ጣጣውም እሱ ነው።

«እውነት ደመወዝ የለውም?» አለኝ፣ በረት ውስጥ ገለባ እየበተነ።

«የለውም አባዬ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አምንሻለሁ። ምነው ውሸትሽን በሆነ።»

እማዬ ከበር ላይ ጣልቃ ገባች። «አንተስ በመኸር ለሰው ሁሉ ደቦ ስትወጣ ማን ይከፍልሃል? የአባቷ ልጅ እኮ ናት!»

አባዬ መንሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። በአገሩ በደቦ የታወቀ ሰው ነው፤ ያለችን መሬት ትንሽ ብትሆንም የሰውን ጤፍ ሲያጭድ የራሱን ያህል ነው። «ደቦ ሌላ ነው! ዛሬ እኔ የቱሉን አጭዳለሁ፣ ነገ ቱሉ መጥቶ የእኔን ያጭዳል። እነዚያ ማላዊዎች መቼ መጥተው ነው የእኔን የሚያጭዱልኝ?»

«ይመጡ ይሆናላ» አልኩ፣ ለቀልድ።

«በምን ታክሲ?» አለ። አልሳቀም።

ከዚያ ስንብቱ ተጀመረ። ቡራዩ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ሳሎኑ መሀል ቁጭ ከማለቴ አንድ ጥቅል በርበሬ ጭኔ ላይ አረፈ። ለልጇ ነው፤ ልጇ ኬፕታውን ነው።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ኬፕታውን አልደርስም።»

«መሀሉ አንድ አገር ብቻ ነው አሉ እኮ!»

የእትዬ አስካለ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቡራዩ ገብቷል። በማግስቱ ሱሉልታ አጎቴ ጋ ሄድኩ። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይገባል፤ እኔ በሁለት ሹራብ እየተንቀጠቀጥኩ ሯጮቹ በቁምጣ ሽው እያሉ ያልፉኛል። አጎቴ በሶ በከረጢት ሞልቶ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። «አንድ አገር ነው አሉ» ሲል ብቻ «አዎ፣ አንድ ነው» አልኩት፤ መከራከር ሰልችቶኝ ነበር። እቤት ስመለስ እማዬ ለደረጀ ጭኮ ስታሽ ደረስኩ፤ የገብስ ዱቄቱን በቅቤ እያሸች፣ እያለቀሰች። እሷን ደግሞ ምን ልበላት? ልብሴን ከሻንጣው አውጥቼ ለጭኮው ቦታ ለቀቅኩ።

የዋዜማው ዕለት የእድሩ ወንበር መጣ። የእድር ወንበር ከመጣ ሰው ተቀምጦ ቶሎ አይነሳም፤ በላን፣ ጠጣን፣ ከዚያ ምርቃቱ ሆነ። ኦቦ ቱሉ፣ የአባዬ ጓደኛ፣ ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ ስለሆኑ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«የሄድሽበት አገር በሩን ይክፈትልሽ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

«ዶላሩ ይታፈስልሽ!»

«አሜን!»

«ድንበሩን እንደ ደረቅ መሬት ያሻግርሽ!»

«ኦቦ ቱሉ» አልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «እኔ እኮ ድንበር አልሻገርም። ማስተማር ነው የምሄደው።»

«አስተማሪም ያድርግሽ!» አሉ።

«አሜን!» አለ ቤቱ።

ሲጨርሱ ሁሉም ወደ ጓሮው በር ዞረ። መጨረሻ የሚመርቅ አባት ነው፤ እኛ ዘንድ አባት ካልመረቀ ጉዞው ወገቡ እንደተቆረጠ ነው የሚቆጠረው። በዚያ ላይ ደረጀ ሲሄድ አባዬ የመረቀውን ምርቃት ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ እንደገና ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ የቆሙት ሽማግሌዎች ጉልበታቸው እስኪዝል ድረስ ነው። ያንን የሚያስታውስ ሁሉ የእኔንም ሊሰማ ጆሮውን አዘጋጅቷል። እማዬ ሁለት ጊዜ ጠራችው። «ላሟ አልታለበችም» የሚል ድምፅ መጣ። ሰዉ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ፤ እኔ እንባዬን ከመዋጥ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። አባዬ እንደናቀኝ ነበር የተሰማኝ።

ጠዋት ሻንጣዬን በላም ገመድ ጠፍሮ ራሱ ተሸክሞ እስከ ታክሲው መጣ። ሻንጣውን ጭኖ፣ ገመዱን ሳብ አድርጎ አየ። ገመዱ ጠንካራ ነበር።

«አባዬ» አልኩት።

«ሂጂ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ» አለኝ።

እስከ ዓለም ገና አለቀስኩ። ከዚያ ረዳቱ «እህት፣ ሻንጣሽ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል» ብሎ ሲነሳብኝ መጣላት ስለነበረብኝ ልቅሶው ቆመ።

ቦሌ ፓስፖርቴን የሚያየው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። «ማላዊ ምን ልትሠሪ?»

«በበጎ ፈቃድ ላስተምር።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«እዚህ አስተማሪ አጥተን?»

ሰውዬው ማህተሙን አንስቶ ሊመታ ሲል በኃይል አስነጠሰው። በእጅ ቦርሳዬ ከያዝኩት ከአክስቴ በርበሬ ነበር። አስነጥሶ መታልኝ።

ማላዊ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። ሰበታ በጠዋት ጋቢ የሚደርብ ሰው እዚህ በጠዋት ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ቤቷ ውስጥ ክፍል የተከራየልኝ ሴትዮ አማይ ፊሪ ትባላለች፤ አማይ እናት ማለት ነው። አፏ ስለታም፣ እጇ ለስላሳ ሴት ናት። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሷም የእኔም የተሰባበረ ስለሆነ አንፋፈርም። ሻንጣዬን ከነገመዱ ስታይ ጠየቀችኝ።

«ኢትዮጵያዊት ነሽ?»

«አዎ።»

«ለስንት ቀን ነው?»

«ለሁለት ዓመት።»

በጣም ሳቀች። «ያንቺ አገር ሰዎች እኮ እዚህ አድረው አያውቁም!» ከዚያ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወደ በሩ ወስዳ በጣቷ አሳየችኝ። «ደቡብ አፍሪካ በዚያ በኩል ነው።»

እዚያም የሚያምነኝ አጣሁ ማለት ነው።

ምግባቸው ንሲማ ይባላል፤ የነጭ በቆሎ ገንፎ በሉት። ግን መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሚቀመጥበት ጉድጓድ የለውም። የመጀመሪያ ቀን ሲቀርብልኝ ሳላስበው በጣቴ ጉድጓዱን ቆፈርኩለትና ቅቤው እስኪመጣ ጠበቅኩ። አማይ ፊሪ ቆይታ ቆይታ «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ። አሁን እሷም ትቆፍራለች። የአክስቴ በርበሬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አለቀ፤ አክስቴ ይቅር ትበለኝ። ስለ ጭኮው ለደረጀ ደውዬ እንዴት ልላክልህ ብለው «ብዪው አቦ፤ እኔ ዘንድሮ እመጣለሁ፣ እናታችን ቤት እበላለሁ» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጭኮው አልዋጥ አለኝ።

ትምህርት ቤቱን በደንብ ወድጄዋለሁ። ልጆቹ ሒሳብ ሲገባቸው ያጨበጭባሉ፤ ሰበታ ተማሪዎቼ የሚያጨበጭቡት ደውል ሲደወል ነበር። ከቤቱ ጓሮ አማይ ፊሪ ቁራሽ መሬት ሰጥታኝ በቆሎ ዘራሁ። በቆሎው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ወባ ጣለኝ። ስቃዥ አባዬን እየጠራሁ ነበር አሉኝ። አማይ ፊሪ ከአልጋዬ አጠገብ አልጠፋችም። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ደግፋ ወደ ጓሮ አወጣችኝና ጎረቤት ሴቶች ተሰልፈው በቆሎዬን ሲኮተኩቱ አሳየችኝ። ማንም አልጠራቸውም። እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሰበታ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ደቦው መጣ» አልኩት።

«የምን ደቦ?»

ነገርኩት። ከጀርባው የላሟ ድምፅ ይሰማኛል።

«ብዙ ናቸው?» አለ።

«ብዙ ናቸው።»

«ምሳ ምን አበላሻቸው?»

«ታምሜ እኮ ነበር አባዬ።»

«ደቦ ወጥቶልሽ ሳታበዪ!» ብሎ ጮኸ። የእውነት ደንግጧል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። «ያቺ ሴትዮ አጠገብሽ ናት? ስልኩን ስጪያት።»

«አባዬ፣ ቋንቋህን አታውቅም።»

«ስጪያት አልኩሽ።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ለአማይ ፊሪ ሰጠኋት። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «ደጅሽ አይዘጋ! ልጅሽ ይባረክ! ላምሽ አትንጠፍ!» ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ልክ ደረጀን እንደመረቀው። አማይ ፊሪ አንዲት ቃል አልገባትም፤ ጸሎት መሆኑን ግን አውቃ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «አሜን» ትላለች። በቆሎ የሚኮተኩቱት ሴቶችም መኮትኮቻቸውን ተደግፈው «አሜን» አሉ።

ሲያበቃ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት።

«ላም እንደሌለኝ ንገሪው» አለች ተጨንቃ።

«አባዬ፣ ላም የለኝም ትላለች።»

«ይስጣት!» አለ አባዬ።

ስልኩን ተቀበልኩ፣ ድምፁን ቀንሼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

«እኔስ አባዬ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፤ አልተቋረጠም።

«ወንድምሽን መረቅኩት» አለ። «ያልመረቅኩት ምርቃት የለም። ይዞት ቀረ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ያንቺ እዚህ አለ» አለኝ። «መጥተሽ ውሰጂ። በይ ደህና ሁኚ፤ ላሟ አልታለበችም።»