ከሰዓት በኋላ የምታኮርፈው ማሽን

ሐኪሙ የጥፍር ቀለሙን ጠርሙስ በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ትንሿን ብሩሽ አወጡ። ጫፏ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ በጠርሙሱ አፍ ጠረግ አደረጉና ከማሽኗ የመጀመሪያ ማዞሪያ እስከ ሰሌዳው ድረስ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር አሰመሩ። ማዞሪያውን ማንም ትንሽ ቢያዞረው መስመሯ ለሁለት ትከፈላለች። ቀጥለው ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን አሰመሩ። የስልሳ ስምንት ዓመት እጅ ነው፤ ሥራ ላይ ግን አይንቀጠቀጥም። ሲጨርሱ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እፍ አሉበት፤ ጠርሙሱንም የቱታቸው ኪስ ውስጥ፣ ከመሀረባቸው ሥር ደበቁት። ገና ከንጋቱ አንድ ሰዓት ስለሆነ ከእሳቸውና ከዘበኛው በቀር ወርክሾፑ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ሐኪም ይባሉ እንጂ ሰው አክመው አያውቁም። የብየዳ ማሽን ጠጋኝ ናቸው። ማሽን ሲታመም ክዳኑን ከመፍታታቸው በፊት ጆሯቸውን አስጠግተው ስለሚያዳምጡ ስሙን ያወጡላቸው በያጆቹ ናቸው። ከማሽኖቹ ሁሉ የሚሳሱላት ደግሞ ሠራተኛው «አሮጊቷ» የሚላትን ነው፤ ቀለሟ ተልጦ ያለቀ፣ ከአራቱ እግሮቿ የአንዱ ጎማ ከሕፃን ጋሪ የተወሰደ። አሮጊቷ እሳቷን እንደ ሌሎቹ በአንድ ወጥ አትለቅም። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገች እንደ ልብ ትመታለች፤ በእያንዳንዱ ምት አንዲት የቀለጠ ጠብታ ከሽቦው ጫፍ ተላቃ ቦታዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ጤነኛ ስትሆን ድምጿ የንብ ቀፎ ነው፤ ስስ አሉሚኒየም ሳትበሳ ታያይዛለች። ስትታመም ምቱ ይጠፋባታል፤ የጋለ ዘይት ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል እየተንጣጣች ፍንጣሪዋን ትረጫለች፣ ሥራውንም ታበላሻለች።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ በሽታዋ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጠዋት ደህና ናት። ከምሳ በኋላ ታኮርፋለች።

ሐኪሙ ያላዩት ነገር የለም። ክዳኗን ከፍተው የዓመታት አቧራዋን በኮምፕረሰር አየር ነፉ። ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ አጸዱ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን መዳብ በአዲስ ቀየሩ። የጋዙን ፍሰት ለኩ። ብረቱን የሚቆነጥጠውን መቆንጠጫ እስኪያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት። ቴስተራቸውን ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ነካኩ። በማግስቱ ጠዋት ሲሞክሯት ትዘምራለች፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ያው ናት።

«ማሽን ሰዓት አያውቅም» አሉ አንድ ቀን ለራሳቸው። «ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነው።»

ይህን ካሉ ወዲህ ጥርጣሬ ሆዳቸው ገብቶ አልወጣም።

ደግሞም ሩቅ አልሄደም። ከሦስት ሳምንት በፊት ወርክሾፑ ውስጥ የገባ አዲስ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አማቻቸው፣ የአንድያ ልጃቸው ባል። በያጅ መፈለጉን ሰምተው፣ የወርክሾፑን አለቃ ለምነው ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። እሱ የገባ ቀን ትልቁ ታንከርም ገባ። ታንከሩ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ስለቆመ የአሮጊቷ የመቆንጠጫ ኬብል እዚያ እንዲደርስ ሐኪሙ በረጅም ቀየሩት። አማቻቸው ጠዋት ጠዋት ታንከሩ ላይ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ማሽኗ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ትንንሹን ሥራ ይበይዳል።

ነገር የሚያጠራቅም ሰው ማስረጃ አያጣም። አንድ ቀን ልጁ በስልኩ የአሮጊቷን ጀርባ ፎቶ ሲያነሳ አዩት። ሌላ ቀን በሩ ላይ አዳዲስ ማሽን ከሚሸጠው ነጋዴ ጋር ራስ ለራስ ገጥሞ ሲያወራ አገኙት፤ ሲያያቸው ወሬውን ቆረጠ። አሮጊቷ ብትጣል አዲስ ማሽን ይገዛል፤ አዲስ ከተገዛ ነጋዴው ለአገናኙ የሆነ ነገር ጣል ያደርጋል። ሐኪሙ ሒሳቡን እንዲህ አድርገው ዘጉት። ልጃቸውና ባሏ የሚኖሩት ከእሳቸው ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ስለሆነ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ሳቃቸው ይሰማል። ድሮ ደስ ይላቸው ነበር። አሁን «በእኔ ይሆን?» እያሉ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ሰኞ ዕለት አለቃዋ ቢሮዋ ጠራቻቸው። የወርክሾፑ መሥራች ልጅ ናት፤ ሐኪሙ በደረጃው ላይ ስትድህ ያውቋታል።

«አባባ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሉሚኒየም እየተበላሸ ነው። ማሽኗ አርጅታ ከሆነ ይንገሩኝና ትጣል።»

«አላረጀችም። ሰው ነው የሚነካካት።»

«ሰው? ማን?»

ሐኪሙ ልጃቸውን አሰቡ። ልጃቸው የሰባት ወር እርጉዝ ናት። «ሳላረጋግጥ ስም አልጠራም» አሉ።

«እስከ ዓርብ ያረጋግጡ። ስሙን ይስጡኝ፤ ማንም ይሁን ማን የዚያኑ ቀን ይወጣል። የእርስዎም ዘመድ ቢሆን» አለች። የመጨረሻዋን ቃል ለምን እንደጨመረቻት ሐኪሙ ሌሊቱን ሙሉ አሰቡት።

ቀዩ መስመር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ መጀመሪያ ያየው ብረት ቆራጩ ነበር፤ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ኧረ ጉድ! ሐኪም፣ አሮጊቷን ሊድሯት ነው እንዴ? ጥፍሯን ተቀብታለች!»

ወርክሾፑ በሳቅ ተናጋ። አማቻቸው ግን ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየ፣ ቀና ብሎ ሐኪሙን አየ፣ ፈገግ አለና ማስኩን ፊቱ ላይ ጣለ። ያቺ ፈገግታ የሐኪሙን አንጀት አሳረረችው።

ማታ ልጃቸው ሆዷን ይዛ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ቀዩን የጥፍር ቀለሜን አላየህም?»

«እኔ ጥፍር ልቀባ?»

«አይ፣ እሱ አባባን ጠይቂ ሲለኝ ነው።»

ሐኪሙ ክው አሉ። «ሌላስ ምን አለ?»

«ምንም። ሳቀ ብቻ። ምን ሆናችኋል ሁለታችሁ?»

ሦስት ቀን ሙሉ አሮጊቷ ከሰዓት በኋላ አኮረፈች። ሦስት ቀን ሙሉ ቀዩ መስመር አልተሰበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ጥርጣሬው በዚህ ይበርድ ነበር። የሐኪሙ ባሰበት። «ሚስቱ ቀለሙን ነግራዋለች፤ ማዞሪያውን ትቶ ውስጧን ነው የሚነካው» አሉ። የጎን ክዳኗ ላይ ሁለት ጆሮ ብረት አለ፤ ጓጉንቸር ቢገባበት ማንም አይከፍታትም። ተቆልፎባትም ጤነኛ ከዋለች ሌባው ታወቀ ማለት ነው። የጆሮውን ስፋት በሲባጎ ለኩ፣ ቋጠሮ አሰሩበትና ኪሳቸው ከተቱት። ማዶ ያለው ዕቃ ሻጭ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ስለሚዘጋ ወዲያው በስልክ «ትልቁን አስቀምጥልኝ፣ ዓርብ በምሳ ሰዓት እመጣለሁ» አሉት።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳቸው መነገር አለበት። ሐኪሙ ወለል ላይ የተዝረከረከ ኬብል ማየት አይችሉም። በወጣትነታቸው የሥራ ባልደረባቸውን ኬብል ጠልፎ ጥሎት ክንዱ ተሰብሯል። ስለዚህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ውጭ ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ እሳቸው ዳቧቸውን ቶሎ ጎርሰው ይገቡና ከታንከሩ የመጣውን ረጅም ኬብል ትርፍ ሰብስበው፣ ግድግዳው ላይ በተበየደው የመኪና ቸርኬ ዙሪያ ይጠመጥሙታል። አሥራ አንድ ዙር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይዛነፍ። በማግስቱ ጠዋት ለሙከራ ራሳቸው ፈትተው ይዘረጉታል። ከጥርስ ሐኪም መሣሪያ የጸዳ ነው ብሎ ቆራጩ ሁሌ ይቀልድባቸዋል።

ዓርብ ዕለት ግን ሻጩ እንዳይዘጋባቸው ቸኮሉ። ዳቧቸውን እያላመጡ፣ ኬብሉን ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ትተው ወጡ። የውጭው በር ጋ ዘበኛው በወሬ ይዞ ሲያቆያቸው የምሳው ሰዓት አበቃ፤ ከኋላቸውም ድምፅ ሰሙ።

የንብ ቀፎ።

ቆሙ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አሮጊቷ ትዘምራለች።

«እኔ ስወጣ!» አሉ፤ ደማቸው ፈላ። «እኔ ዞር ስል ይጠግናታል፣ ስመለስ ያበላሻታል! ይኸው ያዝኩት።»

በጫማቸው አፍንጫ እየረገጡ ተመልሰው ገቡ። አማቻቸው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይበይዳል፤ አንድ እጁ መበየጃውን ቶርች፣ ሌላው ብረቱን ይዟል። ክዳኑ አልተከፈተም። ቀዩ መስመር እንዳለ ነው። የሐኪሙ እጅ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ ዓይናቸውም ከማሽኗ እስከ ጠረጴዛው መቆንጠጫ ወለሉ ላይ እንደ እባብ የተጋደመውን ኬብል አየ። ልጁን በጎን እያዩ ሰብስበው ቸርኬው ላይ ይጠመጥሙ ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። አራተኛው ላይ ዜማው ሻከረ። ሰባተኛው ላይ መንጣጣት ጀመረ። አሥራ አንደኛውን ሲጨርሱ ፍንጣሪው እግራቸው ሥር ድረስ ረገፈ።

እጃቸው ኬብሉ ላይ ቀረ።

አንድ ዙር ፈቱ። ሌላ ፈቱ። መንጣጣቱ ለዘብ አለ። ሁሉንም አውርደው ወለሉ ላይ ሲዘረጉት ቀፎው ተመለሰ። እንደገና ጠመጠሙ፤ ተንጣጣ። ፈቱ፤ ዘመረ። ያ ሁሉ ጥምጥም፣ ያውም በብረት ላይ፣ የአሮጊቷን ምት ያፍናል። ቀጥ ያለ ኬብል ውስጥ እንደልቧ ከፍ ዝቅ የምትለው እሳት በጥቅሉ ውስጥ ትዘገያለች፤ ምቷ ይደፈናል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ንጹሕ እጃቸው።

አማቻቸው ቶርቹን አስቀምጦ ማስኩን አነሳ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«አባባ፣ ምን አደረጓት?»

«አንተ ነህ ብዬ ነበር» አሉ ሐኪሙ።

«አውቃለሁ። የሚስቴን ጥፍር ቀለም የማላውቅ መሰለዎት? እኔ የገዛሁላት እኮ ነው።»

«ካወቅህ ምነው ዝም አልክ?»

«ሌባ አይደለሁም ብዬ ከአማቴ ጋር ልከራከር? ማሽኗን ላድናት ፈልጌ የጀርባዋን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ለነጋዴው ሰጠሁት፣ መመሪያ መጽሐፏን ቢያገኝልኝ ብዬ። እሱ ደግሞ በአሮጊቷ ሲስቅ እርስዎ እንዳይሰሙት ወሬውን ቆረጥኩ።»

ሐኪሙ መሀረባቸውን ለማውጣት እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ የጥፍር ቀለሙ ጠርሙስ ወጣ። ሰጡት። ልጁም ተቀበለው።

አለቃዋ ከደረጃው ጫፍ ቁልቁል አየች። «አባባ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ስሙ ተገኘ?»

ቆራጩ መጋዙን አቆመ። አማቻቸው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሐኪሙ ቀና አሉ።

«ተገኝቷል። ሐኪም ይባላል።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ውረጂና በዓይንሽ እይው፤ ከዚያ እንዳልሽው አድርጊ።»

ወረደች። ሐኪሙ ጠመጠሙ፣ ፈቱ፣ ጠመጠሙ፣ ፈቱ። አማቻቸው በየደላቸው። አለቃዋ ሁለት ጊዜ አዳምጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ንጹሕ ስፌት በጣቷ ዳሰሰችና «እንግዲያው የሚወጣው ቸርኬው ነው» አለች። ቆራጩን ከግድግዳው ላይ እንዲቆርጠው አዝዛ ተመልሳ ወጣች።

ሐኪሙ ኬብሉን በግድግዳው ሥር ቀጥ አድርገው አጋደሙት፤ ማንንም እንዳይጠልፍም ከኪሳቸው ባወጡት ቋጠሮ ባለው ሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰሩት። ማዶ ዕቃ ሻጩ ትልቁን ጓጉንቸር ባንኮኒው ላይ አውጥቶ እየጠበቃቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ደወለላቸው። ሦስተኛውን ሳይደውል ሱቁን ዘጋ።