ሰዓት ሠሪውን ማን ገደለው?

አንዲት ባሏ የሞተባት ዳቦ ጋጋሪ አለች፤ በሚጢጢ የባሕር ዳርቻ ከተማ ትኖራለች። የሞተች አክስቷ መንፈስ ሆና ከምድጃው ጀርባ ሰፍራለች። በየመጽሐፉ አንድ ሰው ይገደላል፤ ጋጋሪዋና መንፈሷ ገዳዩን ይደርሱበታል፤ ከዚያ ኬክ ይበላል። አለቀ። ይህን ተከታታይ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የምትመልሰው ተርጓሚ ከእሱ ጋር የቆየችው ከባሏ ጋር ከቆየችው አይተናነስም። ሰባቱን አስረክባለች። ስምንተኛውና የመጨረሻው፣ አክስቲቱን ራሷን ማን እንደገደላት የሚገለጥበት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሟል።

ሐቁን እንናገር ከተባለ መጽሐፎቹ መጥፎ አይደሉም። ደም አይረጭባቸውም፤ ሰው አንብቦ መብራቱን አጥፍቶ ይተኛል። ከተማዋ ሁሉም በየስሙ የሚጠራራባት፣ ሻንጣ ሸክፈው ሊሄዱባት የምታምር ከተማ ናት። አክስቲቱም ምላሷ እሳት ነው፤ ሰውነቷ ተቀብሮ አፏ ቀርቷል። ተርጓሚዋ ብቻዋን ስትስቅ ባሏ ስንቴ ደንግጦ ከመኝታ ቤት ወጥቷል።

ግን አንጀት ያሳርራሉ! መንፈሷ ግድግዳ አልፋ ትሄዳለች፣ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ታያለች፤ "ገዳዩ ማነው?" ስትባል ግን "ኃይሌ ደከመ" ብላ እልም ትላለች፤ ባለጉዳይ ሲያይ ሻይ ሊጠጣ እንደሚወጣ የቢሮ ሹም። ጋጋሪዋ ገዳዩን ያወቀች ዕለት ለፖሊስ አትደውልም፤ ኬክ ይዛ ብቻዋን ቤቱ ትሄዳለች። በሰባቱም! መርማሪው ፖሊስ ይወዳታል፤ ከመናገር ግን ጉሮሮውን መጥረግ ይቀለዋል። ለዚያ ጉሮሮ ጠረጋ ተርጓሚዋ ቃል አልቆባታል። ያ ሁሉ ሰው በሚታረድባት ከተማ የቤት ኪራይ ለምን እንደማይረክስም ደራሲዋ አንድ ቦታ እንኳ አላስረዳችም።

ታዲያ ምን አስለፋት? አማቷ። አማቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አብረዋቸው ይኖራሉ። ምራታቸው ልብስ ስታጥፍ "እንዲህ ነው እንዴ የሚታጠፈው?" ይላሉ። ልጅ ስትቆጣ "ልጅ በዚህ ድምፅ አይቆጡም" ይላሉ። መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ግን መነጽራቸውን ወልውለው ይቀመጣሉ፤ ጨርሰው ሲነሡ ለጎረቤቱ ሁሉ "ምራቴ ናት የተረጎመችው! አንዲት ቃል አታዛንፍም" ይላሉ። በዚያ ቤት ያላት ክብር ይህቺው ናት፤ መለዋወጫ የላትም።

እናም ስምንተኛውን ስታጋምስ ጉድ ፈላ። ገዳዩ፣ ያውም አክስቲቱን ራሷን የገደላት፣ ሰዓት ሠሪው ሆኖ ተገኘ።

የምን ሰዓት ሠሪ? በትርጉሙ ውስጥ ሰዓት ሠሪ የለም! ነበረ። በየመጽሐፉ ብቅ ብሎ ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ተናግሮ የሚሄድ ደረቅ ሰውዬ ነበረ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ አሳታሚው "ረዘመ፤ አሳጥሪው" ሲላት ማንም የማይናፍቀውን ሰው ፈልጋ ነቀለችው። በሁለተኛውም መጣ፤ ነቀለችው። ከዚያ ልማድ ሆነ፤ ሰውዬውን በሰባቱም ውሃ በላው። ደራሲዋ እንዳይጠረጠር ብላ አሰልቺ አድርጋ ደበቀችው፤ ተርጓሚዋ ደግሞ አሰለቸኝ ብላ ጣለችው።

አሳታሚው ቢሮ ሄዳ ጉዱን ነገረችው።

"ታዲያ ሌላ ሰው ይግደላታ!" አለ፣ ከስልኩ ላይ ዐይኑን ሳያነሣ። "ሐኪሙን አድርጊው። ሐኪም ማን ይወዳል?"

"ሐኪሙ አምስተኛው ላይ ሞቷል፣ ጋሼ።"

"ቢሞትስ? እዚያ አገር የሞተ ሰው ሥራ ከጀመረ ቆየ አይደል?"

"ጋሼ፣ የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው፣ እህቴ! ሰው የሚገዛው ለአክስቲቱ ነው። ማን ገደላት ብሎ የሚጨነቅ አንባቢ የት አለ?"

አንዱ እቤት አለ። ደሟ ፈልቶ ስትመለስ አማቷ በሩ ላይ ጠበቋት።

"እንዳትነግሪኝ! የአክስቲቱን ገዳይ ደርሼበታለሁ። ነይ ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች።

"ሁለተኛው ላይ የአደባባዩ ሰዓት ቆሟል። ሦስተኛው ላይ ይደውላል። ማን ሠራው? አራተኛው ላይ የጋጋሪዋ የእጅ ሰዓት ወድቆ ተሰበረ፤ አምስተኛው ላይ እጇ ላይ ነው። ማን ሠራው? እዚያ ከተማ ሰዓት የሚሠራ ሰው አለ፤ እሱ ነው!" ጉልበታቸውን መቱ። "አንድም ጊዜ ሳታሳየን! ይቺ ደራሲ እንዴት ያለች ጭንቅላት ናት፣ ባክሽ?"

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላታል። ጭጭ ብትል አሳታሚውም ይስቃል፣ አማቷም ይኮራሉ፣ እሷም እፎይ ትላለች። ግን የአማቷ አድናቆት ሁሉ ለዚያች የኬክ ደራሲ ሲሄድ እያየች አላስችል አላት።

"ደራሲዋ አይደለችም! እኔ ነኝ የደበቅሁት!"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሰውዬው ነበረ፣ እማዬ። አሰልቺ ሆነብኝና ቆረጥኩት።"

"ከየትኛው?"

"ከሁሉም።"

አማቷ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ጋጋሪዋን ደንቆሮ፣ አክስቲቱን ቀጣፊ እያልኩ ስሳደብ፣ ገዳዩን ጓዳ ያስቀመጥሽው አንቺ! አንዲት ቃል አታዛንፍም ብዬ ለሰው ሁሉ... ወይኔ አፌ!" ከዚያ "አምጪው" አሉ።

"ምኑን?"

"ሰውዬውን! ያለውን ሁሉ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ።"

ዋናዎቹን መጻሕፍት አውጥታ እዚያው እየተረጎመች አነበበች። "ነፋሱ ዛሬ ከባሕር ነው" አለ ሰዓት ሠሪው። "ነፋሱ ዛሬ ከኮረብታው ነው" አለ ሰዓት ሠሪው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ አማቷ አዛጉ።

"አላልኩዎትም?"

"እውነትም ይሰለቻል" አሉ ዐይናቸውን እያሹ። "ታዲያ መሰልቸቱን ለእኔ አትተዪውም ነበር? ማን ወከለሽ? ቀጥዪ።"

ቀጠለች። የነቀለችውን ሁሉ መልሳ ስምንተኛው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ደረደረችው፤ ከሥሩም የቆረጠችው ራሷ መሆኗን ጻፈች። አሳታሚው እየተነጫነጨ በጥቃቅን ፊደል አተመው። ጎረቤቶቹ በጥቃቅኑም አነበቡት፤ ካላነበቡትም አማቷ ነገሯቸው።

"አንዲት ቃል አታዛንፍም" የሚባለው ነገር ቀረ። አሁን እራት ሲቀርብ አማቷ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አንጠልጥለው ሾርባውን ይመረምራሉ።

"ከዚህስ ውስጥ አሰልቺ ነው ብለሽ ያስቀረሽው አለ?"

ተርጓሚዋ ንዴቷን ውጣ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ ጨው ልታመጣ ተነሣች።